የባልቴቷ ሁለተኛ ወንበር

እህት ዓለም፣

በዚህች አሮጌ ከተማ ቅጠል ሲረግፍ ሰዉ አደባባይ ወጥቶ አብሮ ይበላል። ለካ ወንበሩን ሁሉም ከቤቱ ተሸክሞ ነው የሚመጣው! እኔ ባዶ እጄን እያወዛወዝኩ ሄጄ እንደ ምሰሶ ተገተርኩ። እኛ ሰፈር ቢሆን "ጠጋ ጠጋ በሉላት" ተብሎ አግዳሚው ይሰፋልኝ ነበር። በመጨረሻ አንዲት ባልቴት ሁለት ወንበር ይዘው መጡና "ተቀመጪ ልጄ፣ የባለቤቴ ነው፤ ሞተ ብዬ ቤት ጥዬው አልመጣም" አሉኝ። ተቀመጥኩ። የሚያልፈው ሁሉ የወንበሩን መደገፊያ መታ መታ እያደረገ ሰላም ይላል። ለእኔ እንዳይመስልሽ፣ ለሟቹ ነው።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። እማዬን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ደጃፍሽ ያለችውን እግሯ የላላ በርጩማዬን ግን፣ አደራሽን፣ ለማንም እንዳትሰጪብኝ።