ጋራዥ ውስጥ የማትበራ መብራት

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 14

የበረዶ ጎማዎቹ ዛሬ ገቡ። ሬዣን ከሥራ ባልደረባው ገዝቶ ከነቸርኬያቸው አመጣቸው። ክሪክ፣ ቁልፍ፣ እርግማን... ልጄ ሥራን የሚወደው ሲያልቅ ነው። ንፋስ የሚለካው ሴንሰር የላቸውም። “ዳሽቦርዱ ላይ የጎማ መብራቷ ትበራለች እማ፣ አትዪያት። ግማሹ ሰው እንደዛ ነው የሚነዳው።” የበጋዎቹን ጎማዎች ጋራዡ ውስጥ ግድግዳው ሥር ደረደራቸው። ሞተር አስነሳሁ። መብራት የለም። “አየሽ? ዕድለኛ ነሽ!” ብሎ ሄደ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 16

ወደ ባለቤቴ ወደ ኦሬል፣ ወደ አረጋውያን መጦሪያው ስሄድ፣ ሐይቁን እንዳለፍኩ መብራቷ ብልጭ ብልጭ አለች፤ ከዚያ በርታ ቀረች። ዳር ይዤ አራቱንም በመለኪያዬ ለካሁ። ደህና ናቸው። ስደርስ ኦሬል ምሳው ፊቱ ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ከእኔ እጅ ካልሆነ አይበላም። ነርሶቹ ማንኪያ ሲያቀርቡለት አፉን ይገጥማል። ለዚህ ነው በየቀኑ የምነዳው።

አርብ፣ ኖቬምበር 17

ጠዋት ጋራዥ ውስጥ መብራቷ የለችም። ሐይቁ ጋ በራች። እንዴት?

እሑድ፣ ኖቬምበር 19

ሬዣን መጣ። ነገርኩት። ጋራዥ ገብቶ ቁልፉን አዞረ።

“የታለች?”

“እዚህ አትበራም። መንገድ ላይ ነው።”

“እማ...”

“ና እስከ ሐይቁ ደርሰን እንመለስ።”

“የሆኪ ጨዋታው ሊጀምር ነው። ባለፈው ደግሞ ምድጃው ሞቷል ስትይ ነበር።”

ሞቶ ነበር እኮ! ፊውዙን ቀይሬ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ግንባሬን ሳመኝ። እንዲህ ስሞኝ አያውቅም... ደስ አላለኝም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 22

መካኒኩ ጋኤታን ጋ ሄድኩ። ድሮ ፊዚክስ አስተምሬዋለሁ።

“ማዳም፣ ናስትሮ ልለጥፍባትና ይገላገሉ። የእናቴንም እንደዛው ነው ያደረግኩት።”

“አንዱ ጎማ የምር ሲተነፍስ በምን ላውቅ ነው?”

“በመሪው ያውቁታላ!”

ያኔም እንዲሁ ነበር። መልስ ይጽፋል፣ ስሌቱን አያሳይም። ስወጣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተከተለኝ። “አይቀየሙኝና... ልጅዎ ደውሎልኝ ነበር። እናቴ የሌለ ነገር ታያለች፣ መንዳቷ ያሰጋኛል አለኝ።”

 አመስግኜው ሄድኩ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 25

አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ሌላውን እንዳለ ተዉት። ዕድሜ ልኬን ለተማሪዎች ያልኩት ይህንን ነው። ትናንት የበጋ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እያንከባለልኩ ጓሮ ካለው ዕቃ ቤት አስገባሁ። ወገቤን ቆረጠኝ። ዛሬ ጠዋት ሞተር አስነሳሁ፤ እዚያው ጋራዥ ውስጥ በራች!

ጎማዎቹን መለስኩ። እራት በልቼ ሞተር ባስነሳ ጠፍታለች።

ሴንሰሮቹ የቀሩት በጋዎቹ ውስጥ ነው። መኪናዋ ጋራዥ ስትገባ ከግድግዳው ሥር መልእክታቸው ይደርሳታል፤ እግሯ ላይ ያሉ ይመስሏታል። ርቃ ስትሄድ ታጣቸዋለች፣ ትጮኻለች። በቃ ይኸው ነው። ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ሳቅኩ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 27

ሬዣንን ጠርቼ አሳየሁት። ጎማዎቹን እሱው አወጣቸው፣ እሱው መለሳቸው። ጠበቅን። በራች፣ ጠፋች።

“እሺ። ልክ ነሽ” አለ። አላየኝም። “እማ፣ ለሐኪምሽ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸውም ለመንጃ ፈቃድ ቢሮው አመልክተዋል። እስክትመረመሪ መንጃ ፈቃድሽ ታግዷል። ወረፋው እስከ ጸደይ ነው።”

“ምን ብለህ ነገርካቸው?”

“የሌለ መብራት ታያለች ብዬ።”

“አሁን አየሃት?”

“አየኋት።”

“እንግዲያው ደውልና ያየኸውን ንገራቸው።”

“ዛሬ መብራት ነው፣ ነገ ሌላ ነው... በረዶው ሊጀምር ነው። አንድ ቀን ከጉድጓድ ውስጥ ከማወጣሽ...”

“መብራቷ አይደለችማ ነገሩ።”

“አይደለችም” አለ።

አባትህን ማን ሊያበላው ነው? አልኩት። ነርሶች አሉ አለኝ። አንድ ቀን እንኳ ምሳ ሰዓት ላይ ተገኝቶ አያውቅም።

ቁልፉን ሰጠሁት። እገዳ ካለ አልነዳም፤ ይህንንም ያውቃል። ስለሚያውቅም ነው እጁን ዘርግቶ የጠበቀኝ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 7

የመጦሪያው ሚኒባስ በዚህ በኩል የሚያልፈው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። ኦሬል የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል። ነርሷ ወደ ጎን ሳብ አድርጋ፣ “እባክዎ፣ በሌሎቹ ቀናት ምን ብለን እናባብለው?” አለችኝ። 

የአተር ሾርባውን በማንኪያ በማንኪያ ሰጠሁት። ጨረሰ። ጨምሪ አለኝ።

“መንገዱስ?” ቃላቱ ዛሬም ቀስ ብለው ነው የሚወጡት።

“ደረቅ ነው።”

“መኪናዋን... የት አቆምሻት?”

“በሩ ጋ።”

“ነገ ቀደም በይ።”

“እሺ” አልኩት።