ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ

የካቲት 3

ዛሬም ልምምድ። አዳራሹ ይሸታል... ምንጣፉ ላይ የፈሰሰው ቢራ እስኪደርቅ ጠብቀው ነው የሚጠርጉት። ጌታው አርፍዶ መጣ። ዘፋኙን ከጀርባው ጌታው ነው የምንለው፣ ፊት ለፊት ጋሼ። ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ዘፈነ። እኛ ሦስት ተቀባዮቹ፣ ረጅሟ፣ ትንሿና እኔ፣ ከኋላ ሆነን ተቀበልነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አጥርቼ የማውቀው ማጅራቱን ነው። ወፍሯል።

ጉልበቴን አመመኝ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

የካቲት 5

ረጅሟ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ነገረችኝ። ጉሮሮዋ ውስጥ ያለው እብጠት በቀዶ ጥገና ይወጣል። ሐኪሙ ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል ብሏታል። ኮንሰርቱ መጋቢት 15፣ እሁድ ከሰዓት። ቀዶ ጥገናው መጋቢት 18።

ጫማዋን እያሰረች ነው የነገረችኝ፣ ዝናብ ሊጥል ነው እንደሚል ሰው።

"ምን ታፈጥጪብኛለሽ?" አለች።

"ምንም።"

"እንግዲያው ዚፔን ዝጊልኝ።"

ዘጋሁላት። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ማይክ... የእሷ ግራ ትከሻ ከእኔ ቀኝ ትከሻ ጋር ተጣብቆ። ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ በዘፈን ግጥም ወረቀት። አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ስሳሳት ትስቅብኝ ነበር። እንደ ዛገ በር ያለ የሚያስጠላ ሳቅ ነው ያላት። ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል።

የካቲት 6

ስትዘፍን የተነሳችው ፎቶ አላት? አሰብኩ፣ አሰብኩ። የላትም። እኔም የለኝም። ደንቡ ነው። ፎቶ አንሺዎቹ ከመድረኩ ሥር የሚቆሙት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች ብቻ ነው፤ ከዚያ ዘበኛው ያስወጣቸዋል። ጌታው ላብ ሳያጠምቀው ፎቶ መነሳት ይፈልጋላ። እኛ ደግሞ ወደ መድረክ የምንወጣው በአራተኛው ዘፈን ነው። የተመልካቹ ስልክ? እኛ ጋ ሲደርስ ጥላ ነው የሚይዘው። አንድ ጊዜ ክርኔ ወጥቶልኛል።

የካቲት 9

የጌታውን ፎቶ አንሺ ለመንኩት። ኪሱ የበዛ ሰደርያ ለብሶ፣ ሁለት ካሜራ እንደ ጭነት ከግራና ከቀኝ አንጠልጥሎ።

"ወንድሜ፣ በአራተኛው ዘፈን አንዴ ብቻ ብትቆይልን..."

"እማማ፣ እናንተ ጋ እኮ መብራት የለም።"

"እንዲህ ያለ ማሽን ይዘህ?"

"ማሽን ተአምር አይሠራም። ደግሞስ ማን ሊያየው?"

ማስቲካውን በተከፈተ አፍ እያኘከ ነው ይህን የሚለው። ምላሱ ላይ ሲገላበጥ አየሁት።

እማማ? ፀጉሩ ከእኔ የሳሳ ሰውዬ...

ራሴ አነሳታለሁ።

የካቲት 12

ዋናው መንገድ ላይ ያለው ትልቁ የካሜራ ሱቅ ሄድኩ። መስታወቱ ላይ የሰው ሁሉ ጣት አርፎበታል። ሻጩ ከኋላዬ ያያል፣ አብሮኝ የመጣ ሰው ያለ መስሎት።

"ለልጅዎት ነው?"

"ለእኔ።"

"ለአበባ፣ ለልጅ ልጅ፣ ለእንደዚህ ዓይነት ነገር የሚሆን..."

"ለኮንሰርት።"

ክንዴን የሚያክል ሌንስ አወጣ። ሩቁን ቅርብ ያደርጋል አለ። እውነቱን ነው፤ መንገድ ማዶ ጥርሱን የሚጎረጉር ሰውዬ እስከ ድዱ አሳየኝ። ይህን ለማየት ነው ሰው የሚከፍለው?

"እስቲ መብራቱን አጥፋልኝ" አልኩት።

"ምን አሉኝ?"

"የሱቁን መብራት። እኔ የማነሳው ጨለማ ውስጥ ነው።"

አላጠፋም። ኃላፊውን ልጠይቅ ብሎ ገባ፣ ሳይመለስ ወጣሁ። ያን ያህል ርዝመት ይዞ ጨለማ የሚፈራ... ስንቱን ወንድ አስታወሰኝ።

የካቲት 17

ከገበያው ጀርባ፣ ደረጃ ሥር፣ ካሜራ የሚጠግን ሰው አገኘሁ። በእኔ ዕድሜ ነው። ጥፍሩ ውስጥ ጥቁር ቅባት። ብሎኑ፣ የተፈታው ካሜራና የተገመጠው ዳቦ በአንድ ሳህን ላይ። ቆሻሻ ሰው። ግን ጨለማ ውስጥ ነው የማነሳው ስለው ነገር አላበዛም። በሩን ዘጋ፣ መብራቱን አጠፋ።

"ምን ይታይሻል፣ እህቴ?"

"ምንም።"

"ትንሽ ቆዪ።"

ቆየሁ። መጀመሪያ የወንበሩ ጠርዝ መጣ። ከዚያ የእሱ ራስ በራ።

"ዓይንሽ ቀዳዳውን አሰፋ" አለ። "ሌንስም እንዲሁ ነው። ርዝመቱን ተዪው፣ የቀዳዳውን ስፋት ጠይቂ።"

አጭር፣ ደንዳና ሌንስ ሰጠኝ። ጠርዙ ላይ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል ይላል። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ቁጥር ማንበብ በስንት መከራ ተማርኩና አሁን ደግሞ ትንሹ ነው ትልቁ? ይህን ያወጣው ሰው ምን ነክቶት ነው?

አንድ ነጥብ ስምንት ይላል። ራሴ አነበብኩት።

"ይኼኛው አያቀርብም፣ አያርቅም" አለ። "ማቅረብ ስትፈልጊ እግርሽ አለልሽ።"

"ጉልበቴን ብታየው እንዲህ አትልም ነበር።"

"እንግዲያው ቀድመሽ ሄደሽ ቦታ ያዢ።"

የካቲት 18

ካሜራውንም ከእሱ ወሰድኩ። ያገለገለ ነው። ሁለት አቀረበልኝ። አንዱ አዲስ ይመስላል፣ ሲያነሳ ግን በር እንደሚዘጋ ሰው ይጮሃል። አራተኛው ዘፈን ላይ ከበሮው ዝም የሚልበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ቢጮህ ጌታው በማይኩ ነው የሚሰድበኝ። ሁለተኛው ቀለሙ ተልጧል፣ ግን ድምፅ የለውም። የተላጠውን አልኩ።

ፍላሽ ልመርቅልሽ አለኝ። መለስኩለት። የሰው ፍላሽ ዓይኗ ውስጥ ገብቶባት ግጥም የጠፋባት ሴት እኔ ነኝ። በእሷ ላይ አላደርገውም።

የካቲት 24

ልምምድ ላይ አሞኛል ብዬ ታች ቆሜ ሞከርኩት። ሃያ ስምንት ፎቶ፣ ሃያ ስምንት ጭጋግ። ረጅሟ አራት ክንድ አላት። ትንሿ ፊት የላትም። ከላይ ደግሞ አሸዋ የነሰነሱበት ይመስላል።

ጠጋኙ አይቶ ሳቀ። ዳቦው ከአፉ እየወጣ።

"አሸዋው ብርሃን ሲያንሰው የሚያመጣው ነው፣ ቻዪው። የማይቻለው ጭጋጉ ነው። ሰው ሲወዛወዝ የካሜራውን ዓይን ቶሎ መዝጋት ይፈልጋል። ቶሎ ከዘጋሽ ደግሞ ይጨልማል። ስለዚህ..."

"ስለዚህ ምን?"

"የማይወዛወዙበትን ሰዓት ፈልጊ።"

ተናድጄ ወጣሁ። የምንቀጠረው ለመወዛወዝ ነው እኮ። የማይወዛወዝ ተቀባይ የት አገኛለሁ?

የካቲት 25

ሳህን ሳጥብ ትዝ አለኝ። እጄ በሳሙና እንደተለወሰ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

የአራተኛው ዘፈን መጨረሻ። ጌታው ውሃ ለመጠጣት ዞር ይላል፣ እኛ የመጨረሻዋን "ኦ" አሥራ ሁለት ምት እንይዛታለን። ትንፋሽ እንዳያልቅብን ማናችንም አንነቃነቅም። መብራቱ ደግሞ ጌታው ውሃ ሲጠጣ እንዳይታይ ከእሱ ይነሳና እኛ ላይ ይወድቃል። ሃያ ስድስት ዓመት ዓይኔን ያቃጠለኝ መብራት... በልምምድ ቀን ስለማይበራ ነው የረሳሁት።

መብራት የለም አለኝ ያ ማስቲካ አኛኪ። ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ ቆይቶ ያውቃል?

መጋቢት 2

ግን እኔ መድረክ ላይ ከሆንኩ ማን ያነሳታል? ለትንሿ ባል ልስጠው? እሱ ቀበቶውንም አስተካክሎ አያስርም። አሥራ ሁለቱን ምት በትንፋሹ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።

ለረጅሟ ነገርኳት። በኮንሰርቱ ቀን አልዘፍንም፣ ታች እቆማለሁ አልኳት።

"አብደሻል?"

"አንድ ፎቶ እንኳ የለሽም።"

"ፎቶ ምን ያደርግልኛል፣ ልቀቅለው? የመጨረሻዬ ነው። አጠገቤ ቁሚ።"

"ከዚያ በኋላስ ምን ይቀርሻል?"

"አንቺ ትቀሪኛለሽ። እሱ ራሱ በቂ መከራ ነው።"

አልሳቅኩም። እሷም አልሳቀችም። ጫማዋን አንስታ ሄዳ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሃያ ስድስት ዓመት ወንበር ቀይራ አታውቅም።

ልተወው ይሆን?

መጋቢት 9

አታናግረኝም። ጌታው እንደማልዘፍን ሲሰማ ቀና እንኳ አላለም። "ሁለቱ ይበቃሉ" አለ። ሁለቱ ይበቃሉ... ታዲያ እስከ ዛሬ ትርፍ ነበርኩ? ላብ ያጠቆረውን ኮሌታውን አየሁ። ይህን ማጅራት ስከተል ነው ያረጀሁት።

ዘበኛውን በአራተኛው ዘፈን እንዳታስወጣኝ አልኩት። ካሜራዬን አይቶ "አንቺን ማን ፎቶ አንሺ ይልሻል?" አለ። ጥሩ። ማንም አይበለኝ።

መጋቢት 12

ካሜራው ውስጥ ያለው ጽሑፍ ሁሉ በማላውቀው ፊደል ነው። አንዱን ፊደል በአርባ አራት ዓመቴ፣ ሌላውን በስድሳ አንድ ዓመቴ? ይቅርብኝ። ጠጋኙ የሚያስፈልጉኝን ሦስት ቁልፎች በጥፍር ቀለም ምልክት አደረገልኝ። የጥፍር ቀለም ከየት እንዳመጣ አልጠየቅኩም።

መጋቢት 15

ሦስተኛው ዘፈን አለቀ። ፎቶ አንሺዎቹ እየተገፋፉ ወጡ። ባለማስቲካው በአጠገቤ ሲያልፍ "እማማ፣ መንገድ ጠፋቦት?" አለኝ። ዘበኛው ወደ ጣሪያው አየ።

አራተኛው ተጀመረ። ያለ እኔ ድምፃቸው ሳሳ። ይሳሳል ብዬ አልጠበቅኩም... ከታች ሆኖ ከንፈሬ ይቀበል ነበር። ከጎኔ የቆመችው ሴትዮ ዞራ አየችኝ።

ጌታው ውሃውን ሊያነሳ ዞረ። መብራቱ ወደቀ። ቆጠርኩ። በሦስተኛው ምት ተጫንኩት። በስድስተኛው። በዘጠነኛው። እስከ አሥራ ሁለት የቀረውን አላነሳሁም፣ የረጅሟን ድምፅ ሰማሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ከፊት ሆኜ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሲያልቅ በጓሮው በር ሄደች። አላየችኝም።

መጋቢት 19

ሆስፒታል ሄድኩ። ከቤተሰብ በቀር አይገባም አሉ። በዓመት አንዴ የምትደውል እህቷ ሽቶ ተቀብታ ገባች። እኔ ኮሪደር ላይ። የሚያጣብቅ ወንበር፣ የመድኃኒት ሽታ፣ የሰው ሳል። እስኪመሽ ተቀመጥኩ። ምን ነካኝ? ሁለት ሳምንት ቀርቷት ተጣላኋት፣ ለወረቀት።

መጋቢት 27

ፎቶውን አሳጥቤ ቤቷ ሄድኩ። አንገቷ ተጠቅልሏል። ድምፅ የለም። ሐኪሙ ጠብቁ ይላል፣ እኔ ሐኪም አላምንም። በሩን ከፍታ አየችኝ፣ ከዚያ መንገድ ለቀቀችልኝ።

በስድስተኛው ምት ያነሳሁትን ሰጠኋት። አሸዋ አለው፣ ጭጋግ ግን የለውም። አፏ ተከፍቶ፣ የአንገቷ ሥር ሳይቀር ተገትሮ ይታያል። ትንሿ በስተቀኟ። በስተግራዋ ባዶ ቦታ አለ፣ አንድ ሰው የሚያክል። ማይኩን ወደ ራሷ አላስጠጋችውም። ግራ ትከሻዋን ወደ ባዶው ጣል አድርጋለች፣ የሚደገፈው ነገር ያለ ይመስል።

ሳነሳው ይህን አላየሁም። ምት ነበር የምቆጥረው።

አየችው፣ አየችው። ከዚያ በእጇ ወረቀት ጠየቀች። እንደ ድሮው ለእኔ ስትል ፊደሉን ትልልቅ አድርጋ ጻፈች።

"አፍንጫዬን ጎማ አስመሰልሽው።"

አነበብኩት። ቶሎ ነው ያነበብኩት።

ወረቀቱን ገለበጠችው። "ቦታሽን ትንሿ ልትይዘው ነበር። በክርኔ መለስኳት።"

የሚያስጠላ ነገር... እንባዬ ፈሰሰ። አፍንጫዬም ጭምር። መሐረብ የለኝ፣ በእጅጌዬ ጠረግኩ። እሷ ፊቷን አጨማደደች፣ ተጸይፋኝ።

ሄጄ በስተግራዋ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ ጻፈች፣ እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ጌታውን ሰደበች፣ እህቷን ሰደበች፣ የሆስፒታሉን ሾርባ ሰደበች። አንዱን ቃል አውቄ ተሳሳትኩ። ሳቀች። ምንም አይሰማም። ትከሻዋ ግን ትከሻዬን ነቀነቀኝ።