ግራው የጠፋበት ልብስ ሰፊ

ጥቅምት 5

ዛሬ ምንም የለም። ቢሮ ሰልፍ። ውሃ ሊከፍል የመጣው ሁሉ ቆጣሪው ዋሸ ይላል። እኔ ገንዘብ ተቀባይ እንጂ ቆጣሪ ነኝ እንዴ?

ከሥራ ስወጣ ልብስ ስፌት ሱቃችን ጎራ አልኩ። ባለቤቴ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ያፏጫል። የሆቴሉን ትእዛዝ ተቀብሏል፤ ለአስተናጋጆቹ በሙሉ ሰደርያ። ሠራተኛችን ጥድፊያ የስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ሳቀችብኝ፣ "እትዬ፣ ቁልፍ መትከል ይማሩና ያግዙን" ብላ። ስሙን ያወጣላት እሱ ነው፤ ስትሰፋ አታስተነፍስም። እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ትሰፋለች። መቀሱን ለማንም አያስነካም። "መቀስና ሚስት አይዋሱም" ይላል። የልብስ ሰፊ ሚስት ሆኜ እስካሁን መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቅተኛል… ይሁን እስቲ።

ጥቅምት 8

ሆስፒታል ነን። ጠዋት ጫማውን ሲያደርግ ወደ ግራ ዘመመ። ቀልድ መሰለኝ። ሳየው አፉ ተጣሟል። "ምን ሆነሃል?" "ምንም አልሆንኩም።" ወለሉ ላይ ተዘርሮ ምንም አልሆንኩም ይላል!

ስትሮክ ነው አሉ። አምላኬ፣ አደራህን።

ጥቅምት 11

ይናገራል። ተመስገን። ይቀልዳል እንኳ። ግራ እጁና ግራ እግሩ ግን አይታዘዙም።

ዛሬ ግን አንድ ነገር አየሁ… እንዴት ብዬ ልጻፈው? "እጅሽን ከላዬ ላይ አንሺልኝ፣ ከበደኝ" አለኝ። የማን እጅ? የራሱ እጅ ነው፣ ሆዱ ላይ የተጋደመው። "ያንተ እኮ ነው" ብለው ተቆጣ። "የኔን አላውቀውም እንዴ? ይሄ ያንቺ ነው።" ቀለበቱን አሳየሁት። አየው፤ አየውና "ቀለበቴን ለምን አደረግሽው?" አለ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ሰው እጁን እንዴት ይረሳል? እጁ እዚያው እያለ?

ጥቅምት 14

"ምሳ እንዲህ ነው እንዴ የሚያቀርቡት፣ ለድመት?" ብሎ ተነጫነጨ። ሳህኑን ሳየው ቀኝ በኩሉ ተልሷል፣ ግራው እንዳለ ነው፤ መሐሉ ላይ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ዝም ብዬ ሳህኑን አዞርኩት። "አሃ! አሁን ገና ጨመሩልኝ" አለና በላ። ጎን ያለው በሽተኛ ሲስቅ እኔም ሳቅኩ።

ጥቅምት 19

እጅ እግሩን የምታለማምደው ፊዚዮዋ አስረዳችኝ። ልጅ እግር ናት፣ ግን ትዕግሥቷ የአሮጊት። ዓይኑ ደህና ነው አለች። ያያል፤ ግን አንጎሉ ግራ በኩል ያለውን አይፈልገውም። እንዳለም አያውቅም። "ጨለማ ሆኖበት ነው?" አልኳት። "አይደለም። ጨለማ ቢሆን ኖሮ ጨለማውን ያየው ነበር። ለእሱ ግራ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህም አይናፍቀውም።"

ስመለስ በመንገድ ሁሉ ይሄንን ሳስብ ነበር። የዓለም ግማሽ ተነሥቶ ሲሄድ ሰውየው ምንም አልጎደለብኝም ብሎ ተቀምጧል። የራስ ቅል ውስጥ ያለች፣ በእፍኝ የምትያዝ ነገር ነች ይሄን ሁሉ የምታደርገው? ፈራሁ። ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ቤተ መቅደስ ሲገባ የሚመጣው ዓይነት ነው።

ኅዳር 6

ቤት ገባን። በዱላ ተደግፎ ጥቂት ይራመዳል፤ የበሩን ግራ መቃን በትከሻው እየገጨ። "በሩን ማን አጠበበው?" ይላል።

ፈቃዴ አለቀ። አለቃዬ ጥሩ ሰው ነው፣ ያለ ደሞዝ ጨመረልኝ። "ቦታሽን እስከ ጥር መጨረሻ እንጠብቅልሻለን" አለ። ከዚያስ? ከዚያማ ለሌላ። ያለ ደሞዝ ስትሆኚ ደግሞ መድኃኒቱ፣ ፊዚዮው፣ የታክሲው… ሁሉም ጥርስ አለው። ሱቁ የሚያስገባው ከጥድፊያ ጥገና ብቻ ነው። እሷም የሚቆርጥላት የለ። ሌላ ሱቅ እየጠራት እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ እሷ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት።

እህቱ መጥታ ነበር። "የስፌት መኪናዎቹን ሽጡ፣ እሱን እኔ ጋ አምጪው፣ አንቺ ሥራሽን ያዢ" አለች። ክፉ አይደለችም፤ ልክም ሳትሆን አትቀርም። እሱ ግን ሰማ። "እኔን ከነመኪናዬ ሽጡኝ፣ ዋጋ አወጣለሁ" አለ። ማናችንም አልሳቅንም።

ኅዳር 20

ሱቅ ውሰዱኝ ብሎ ሲያስቸግር ወሰድነው። ጠረጴዛው አጠገብ ወንበር አደረግንለት። ጠመኔውን ሲይዝ ፊቱ በራ፣ የድሮ ሰውየው ሆነ። የሆቴሉን ጥቁር ጨርቅ ዘረጋ። ልከለክለው ነበር፤ ጥድፊያ በዓይኗ "ተዪው" አለችኝ። ቀኝ እጁ ምን ሆኖ? መቀሱ እንደ ውሃ ሄደ።

"በይ ስፊው" ብሎ ለጥድፊያ ሰጣት። አንድ ፊት። ግማሽ ጀርባ። በቃ።

"ጋሼ… ሌላውስ?"

"የትኛው ሌላ?"

"ግራው።"

"ይኸው አይደል እንዴ ሰደርያው! ታውረሻል?" እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። "ትስቁብኛላችሁ፣ አይደል?" አለ። ማንም አልሳቀም። የሆቴሉ ጨርቅ ተበላሸ፤ ከዚያ በላይ ግን የእሱ ሞራል ነው የተቆረጠው። እህቱ ልክ ነበረች ማለት ነው? ነገ መኪናዎቹን የሚገዛ ልፈልግ?

ኅዳር 22

አልሸጥም!

ቀስ ብዬ ልጻፈው። ጠዋት ሱቅ ሄድኩ፣ ለጥድፊያ "ሌላ ሥራ ፈልጊ፣ አልይዝሽም" ልላት። ያን የተቆረጠ ግማሽ ጀርባ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ታያለች። "እትዬ፣ እዚህች ጋ ይምጡ" አለች። መሐሉን በጣቷ አሳየችኝ። ጨርቁ የቆመው ልክ አከርካሪው በሚወርድበት ቦታ ነው። ማስመሪያ የተቀመጠበት እንጂ በእጅ የተቆረጠ አይመስልም። ዓለም የምታልቅበትን ጠርዝ አላየውም፤ ግን ጠርዙ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጥድፊያ ሌላ ጨርቅ አምጥታ ለሁለት አጠፈች። ግማሹን ጀርባ አስቀመጠችበት፣ መሐሉን ከእጥፉ ጋር አገጣጥማ። "እኛ ድሮስ ጀርባ እንዴት ነው የምንቆርጠው? አጥፈን እኮ ነው! እሱ የሚስለው ግማሹን ብቻ ነው፤ ሲዘረጋ ሙሉ ይሆናል። ያን ቀን ሳያጥፍ ስለዘረጋው ነው እንጂ…" አላስጨረስኳትም። አቀፍኳት። መርፌ ልብሷ ላይ ተሰክቶ ነበር፣ ወጋኝ። ግድ የለም።

ይሄን ያህል ዓመት አብሬው ስኖር ልብስ ሰፊ ግማሽ ሰው ብቻ እንደሚቆርጥ አላውቅም ነበር።

ኅዳር 25

ፊዚዮዋ የእጥፉን ነገር ሰምታ በእግሯ ሱቁ ድረስ መጣች፣ ደስ ብሏት። ግን አስጠነቀቀች። የታጠፈውንም ቢሆን ግራውን ይተወዋል አለች። እጥፉን በግራው በኩል አድርገን ዳር እስከ ዳር ቀይ ጥብጣብ በመርፌ ቁልፍ አስያዝንበት። "ቀዩን ሳታገኝ መቀስ አታነሣም" አለችው። ግራ እጁንም፦ መጀመሪያ በቀኝህ ፈልገው፣ ጭንህ ላይ አስቀምጠው፣ ከዚያ ሥራ።

"ሴትዮ፣ እኔን መች ቀይ ጠፋኝ?" አላት። እሷ ግን ለብቻዬ ጠርታ "አሁንም ጎድሎኛል ብሎ አያምንም። ያን እስኪያውቅ ብቻውን እንዳትተዪው" አለችኝ። እሺ። ብቻውን ካልተውኩት ደግሞ እኔ ቢሮ እንዴት እገባለሁ? ጥድፊያ እየሰፋች ትጠብቀው?

ታኅሣሥ 3

ቆረጠ! ሙሉ ሰደርያ። አንገቱን እያጣመመ፣ ቀዩን እየፈለገ፣ እያላበው። ጥድፊያ ጀርባውን ስትዘረጋው ሁለቱ ትከሻዎች ወጡ። እልል ልል ነበር፣ ደንበኛ ነበረ።

ታኅሣሥ 9

ጥድፊያ ክር ልትገዛ ወጥታለች፣ እኔ ገበር እያጣጠፍኩ ነው። ቀና ስል ግራ እጁ ጭኑ ላይ የለም። ከጨርቁ ሥር ገብቶ ተጋድሟል፣ መቀሱ ወደሱ እየሄደ ነው። ጮህኩ። መቀሱን ይዤ ጎተትኩት፤ መዳፌን ትንሽ ቆረጠኝ። ጨርቁን ገልጬ አሳየሁት።

እጁን ለረጅም ጊዜ አየው። በቀኝ እጁ አነሣው፣ እንደ ሕፃን። "ይሄ የኔ ነው?" አለ። "ያንተ ነው።" "ልቆርጠው ነበር?" "አዎ።" ደሜን አየ።

ታኅሣሥ 21

የሆቴሉ ሰደርያ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ አንዱን ለብሶ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለ፣ ስለ እጥፉ የሚያውቀው የለ። ያበላሸነውን ጨርቅ ዋጋ ከእኛ ሒሳብ ቀነሰ፤ ይገባዋል።

ድሮ በሳምንት የሚጨርሰው አሁን ወር ይፈጃል። ገቢያችንም እንደዚያው ነው። አከራያችን ኪራይ አልቀንስም ስላለ ሱቁን በኮምፖርሳቶ ግድግዳ ለሁለት ከፍለን ግራውን ለሞባይል ጠጋኝ ሰጠነው። ባለቤቴ ይከፋዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። "እኔ እንደሆን አላየውም፣ ምን ቸገረኝ!" አለ። ቀጥሎ ደግሞ "ሰው ሁሉ ግራ ገባኝ ይላል፤ ግራ የወጣው እኔ ብቻ ነኝ።" ጠጋኙ ከግድግዳው ማዶ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ሳቄን ዋጥኩት። ግራ የሚባል ነገር እንዳለ፣ እሱ ጋ እንደሌለ ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አውቆ ነው ወይስ ለቀልድ?

ጥር 18

አለቃዬ ደወለ። "ትመጫለሽ ወይስ?" እመጣለሁ አልኩ። በምን ሆዴ እንዳልኩት አላውቅም። ማታ ለእሱ ስነግረው "በይ ሂጂ፣ እኔ ደህና ነኝ" አለ። ወለሉ ላይ ተዘርሮም ምንም አልሆንኩም ብሎኝ የለ? ቃሉን እንዴት ልመን?

ጥር 29

ዛሬ ቢሮ የምገባበት ቀን። ሱቅ ላድርሰውና ልሂድ አልኩ። እግሬ ግን አልሄድ አለ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ቦርሳዬን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

ደንበኛ ገባ። ኮት ፈላጊ፣ ተሸካሚ ነበርኩ የሚል ትልቅ ሰውዬ፤ ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ያለ። ይሄ ታጥፎ አይቆረጥም! የሆቴሉ ሰደርያ ሁለቱም ጎኑ እኩል ነበር፤ እኚህ ሰውዬ ግን ሁለት ግማሻቸው ሁለት ሰው ነው። ጥድፊያም ገብቷታል፣ መኪናዋን አቆመች። ልናገር አፌን ከፈትኩ…

እሱ ከጀርባቸው ሆኖ ሜትሩን ቀኝ ትከሻቸው ላይ አደረገ። ለካ። ቁጥሩን ጠራ፣ ጥድፊያ ጻፈች። አሁን "በቃ ጨርሻለሁ" ይላል አልኩ በልቤ። ሜትሩን ይዞ ቆየ። አንገቱ ትንሽ ወደ ግራ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። የሚፈልገውን አላገኘውም። ላቡ ወረደ።

"አባባ፣ ይዙሩልኝ እስቲ" አለ።

"ወዴት ልጄ?"

"ወደ እኔ፣ ፊትዎን ይስጡኝ። ከእርስዎ እኔ ጋ የደረሰው ግማሽዎ ነው። ሌላው እንዳለ አውቃለሁ፤ አይታየኝም እንጂ አለ።"

ሰውዬው ግራ ተጋብተው እኔን አዩኝ። ዞሩ። ዝቅ ያለው ትከሻ ወደ ቀኙ መጣለት። ሜትሩን አሳረፈበት። "ይኸው፣ እዚህ ነበርክ ለካ" አለው ትከሻውን። ለካ፣ ቁጥሩን ጠራ፣ ከመጀመሪያው የተለየ ቁጥር። ጥድፊያ እያለቀሰች ጻፈች።

የማያየውን፣ አንጎሉ የለም የሚለውን ነገር፣ አለ ብሎ አመነ። እኔ ብሆን እችል ነበር? ማንስ ይችላል?

ቀና ብሎ አየኝ። "አንቺ ሴትዮ ምን ተገትረሻል? ረፈደብሽ እኮ። ሂጂ።"

ሄድኩ። ወደ ኋላ ሳላይ።