የመጨረሻዋ ሚኒባስ፦ የኢንጂነር ናሁሰናይ ገነነ የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር ናሁሰናይ ገነነ ከአባታቸው ከአቶ ገነነ ባዬ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሀብትነሽ ስመኘው መስከረም 14 ቀን 1968 ዓ.ም. ከቡሬ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ ተወለዱ። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በቡሬ አጠናቀው በ1992 ዓ.ም. በሜካኒካል ምሕንድስና ተመረቁ።

ከዚያም ከአገራቸው ርቀው በአንድ የሚኒባስ መገጣጠሚያ ፋብሪካ የምርት መሐንዲስ ሆነው ተቀጠሩ። የትኛው ዕቃ በማን፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በስንት ደቂቃ እንደሚገጠም የሚወስኑት እርሳቸው ነበሩ። እናታቸው ግን ለጎረቤት ሲያስረዱ «ልጄ መኪና ያዋልዳል» ይሉ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ከመምህርት እስከዳር ባንተአምላክ ጋር ትዳር መሥርተው ምስክርንና ፀደንያን ወለዱ።

በ2011 ዓ.ም. የፍሬን ዘይት ቱቦ የሚታሰርበትን ቦታ በሁለት ጣት ያህል ወደ ጎማው አስጠጉት። በእያንዳንዱ መኪና ከመገጣጠሚያው ጊዜ አራት ደቂቃ ቀነሰ፤ ተመሰገኑበትም። ከአራት ወር በኋላ ለጥገና የመጣች አንዲት ሚኒባስ መሪዋ እስከ ጥግ ሲዞር ጎማዋ ቱቦውን ሲፍቀው አዩ። ቱቦው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል። በዚያው አሠራር ሠላሳ ስድስት ሚኒባሶች ወጥተው ነበር። ኢንጂነር ናሁሰናይ ጥፋቱን በማንም ላይ አላላከኩም፤ የፈረሙት እርሳቸው ነበሩና ራሳቸው ሪፖርት አደረጉ። ፋብሪካው ባደረገው ጥሪ ሠላሳ አንዱ ተመልሰው ታረሙ። አምስቱ ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ፍርሃት ገባ። ስልክ ሲጮኽ ይበረግጋሉ፤ ሬዲዮ የመኪና አደጋ ሲያወራ ዓይነቱ ሚኒባስ መሆን አለመሆኑ እስኪነገር ድረስ ጉርሳቸውን አይውጡም። አምስቱም ወደ ጎጃም መሸጣቸውን ሲሰሙ በ2013 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀው፣ ባለቤታቸው ወደሚያስተምሩበት ፍኖተ ሰላም መጥተው ፍለጋ ጀመሩ።

አዲስ መኪና የገዛ ሰው ጠበል ለማስረጨት ወደ ግሽ ዓባይ እንደሚወጣ ያውቁ ስለነበር በየንግሡ እዚያ እየሄዱ ከመኪኖቹ ሥር ይተኙ ጀመር። አንድ ሾፌር «ኧረ ጋሼ፣ ከመኪናዬ ሥር ምን ጠፋብዎ?» ቢላቸው «መሪውን እስከ ጥግ አዙርልኝ» አሉት። ያቺ አንዷ ነበረች። ሁለተኛዋን እዚያው፣ ሦስተኛዋን በዱርቤቴ ገበያ፣ አራተኛዋን የቆጋ መስኖን ሽንኩርት ስትጭን አገኙ። በእጃቸው አረሟቸው። አንድ ጊዜ ዕቃ ሊፈቱ የመጡ ሌባ መስለው መደብደባቸውንም ቤተሰቡ አይረሳውም።

አምስተኛዋ ግን አልተገኘችም። ስም ሳይዛወር በውክልና ብቻ እየተሸጠች አምስት እጅ አልፋለች። መጨረሻ ላይ የተገኘው የቡሬ ሰው ለአንድ የሰከላ ሰው እንደሸጣት፣ ስሙን ግን እንደማያስታውስና ቀለሟም እንደተቀየረ ነገራቸው። ባለቤታቸው ቱቦው እስካሁን ተቀይሮ ይሆናል እያሉ ሲያጽናኗቸው፣ ኢንጂነር ናሁሰናይ በአራት ደቂቃ ምክንያት አሥራ ሁለት ሰው ይዛ ቁልቁለት የምትወርድ መኪና እንዳለች እያሰቡ መተኛት እንደማይችሉ ይመልሱ ነበር። እኛ ቤተሰቦቻቸውም አብረናቸው ፈራን። ልጆቻቸው ዛሬም ሚኒባስ ከመሳፈራቸው በፊት ጎንበስ ይላሉ።

ኢንጂነር ናሁሰናይ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው በተወለዱ በ50 ዓመታቸው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። በመጨረሻዎቹ ቀናት የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ታሪካቸው ሲነበብ የዚያች መኪና ቁጥር አብሮ እንዲነበብ። የለቅሶ ቀን ከየአገሩ ሚኒባስ የሚሰበሰብበት ቀን ነው ብለው ነበር።

ስለዚህ ከቡሬ፣ ከሰከላና ከዱርቤቴ ሰው ይዛችሁ የመጣችሁ ሾፌሮች፣ ሰው ከመጫናችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥራችሁን ተመልከቱ። የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች 0417 ከሆኑ ሞተር አታስነሡ። ልጃቸው ምስክር መፍቻና አዲስ ቱቦ ይዞ በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሟል።

እናታቸው፣ ባለቤታቸውና ሁለት ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ይገኛሉ። ፈጣሪ በሕይወት ሳሉ ያጡትን እንቅልፍ በአብርሃም እቅፍ ይስጥልን።

ልትቀብሩ የመጣችሁ ሁሉ በሰላም ግቡ።