ረግረግ አድርቆ ኩሬ ለሚቆፍረው ኮሚቴ

ነሐሴ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.
መቱ

ለክቡር አቶ ዮፍታሄ
የወፍ ጉብኝት መዳረሻ አልሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የኮሚቴዎን አባላት ጤና እጠይቃለሁ። በተለይም ለልምድ ልውውጥ ከሄዳችሁባት የበረሃ ከተማ ስትመለሱ ፊታችሁ በፀሐይ ተልጦ አይቼ ነበርና፣ አሁን ቆዳችሁ ወደ ቦታው እንደተመለሰ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ አላባራም፤ የጓዳዬም ጣሪያ ያፈሳል፤ ግን ይህ የኮሚቴዎ ሥራ ስላልሆነ ከቅሬታ አልቆጥረውም።

ሀረገወይን ቸኮል እባላለሁ። ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከጨፌ ኡርጌ ረግረግ በላይ ካሉት ቤቶች የመጨረሻው የእኔ ነው። ባለቤቴ አቶ ሸጋው ካረፈ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት እሱ ከሥራ ይዞ በሚመጣው የተበላሸ ቅጽ ጀርባ ላይ ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤት የጻፈውን ሁሉ በአክብሮት የማንበብ ልማድ አለኝ። ኮሚቴዎ ያሳተመውን «በከተማችንና በዙሪያዋ ወፍ የሚታይባቸው ምርጥ ቦታዎች» የተባለውን መምሪያም ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ለጎብኚው ጤና ስላሰባችሁ። መምሪያው ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጎብኚው ለአንድ ቀን አራት ሊትር ውሃ እንዲይዝ፣ ዓይኑን ከአሸዋ በሻሽ እንዲከልል፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላም ከጥላ እንዳይለይ ይመክራል። እኔ በመቱ አሸዋ ያየሁት ለቤት ግንባታ በመኪና ተጭኖ ሲመጣ ብቻ ነው። ቢሆንም ኮሚቴዎ የያዘውን ሥራ ስመለከት ምክሩ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ የተጻፈ እንጂ የተሳሳተ አይመስለኝም።

፪. በምርጥነት አንደኛ ስለተቀመጠው የከተማው ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ኩሬ። መምሪያው እንደሚያስረዳው፣ ወፎች በአካባቢው ሌላ ውሃ ስለማያገኙ ጠዋት ጠዋት እዚያ ይሰበሰባሉ። እንዲህ ያለ ኩሬ የለንም፤ ሌላ ውሃ ግን አላጣንም። በሰኔ ወር መምሪያውን አምነው የመጡ ባልና ሚስት፣ አስጎብኚ ሆና ከተመደበችላቸው ከወይዘሪት ሳያት ጋር ግማሽ ቀን ሙሉ ኩሬውን ሲፈልጉ ዋሉ። ሳያት አስተዋይ ናትና እንግዶቹ ባዶ ዓይናቸውን እንዳይመለሱ ከቄራው ጀርባ ወስዳ አባ ኮዳ የሚባለውን ራሰ በራ ወፍ አሳየቻቸው። ሠላሳ አንድ ቆጥረዋል አሉ። ሴትዮዋ ሽታውን የቻለችው አፍንጫዋን በሻሽ ይዛ ስለነበር፣ ሻሽ ይያዝ ያለው መምሪያ ቢያንስ በዚህ ሊመሰገን ይገባል።

በነገራችን ላይ እንግዶቹ እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ዋርካ ሥር ባቆምኳቸው ነበር። ዋርካው ሲያፈራ፣ ምንቃራቸው ከራሳቸው የሚበልጥ ትልልቅ ወፎች ይመጡበታል፤ ሲበርሩ የክንፋቸው ድምፅ ቅዳሴ ያቋርጣል። ከዚያም ወደ ዳሪሙ በሚወስደው የእግር መንገድ፣ ቡና ከሚያጠሉት ዛፎች መካከል፣ ክንፏን ስትዘረጋ ደም የመሰለ ቀይ የምታሳይ አረንጓዴ ወፍ አለች፤ ስሟን አላውቅም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ከዚያ ወደ ጨፌ ኡርጌ እመልሳቸው ነበር። እነዚህ ቦታዎች በመምሪያው ውስጥ የሉም። ከበረሃው ከተማ ስለማይታዩ ይሆናል።

፫. ዋናው ምስጋናዬ ስለ ፕሮጀክቱ ነው። ኮሚቴዎ ነዋሪውን በጠራበት ስብሰባ ላይ እንደተብራራልን፣ እናንተ በሄዳችሁበት ከተማ ሰው ሠራሽ ኩሬ፣ በኩሬው ዳር የሲሚንቶ መቀመጫ፣ በመቀመጫው ላይ የዘንባባ ዳስ አለ፤ ወፉም ይመጣል። ስለዚህ እኛም ጋ ይኸው ይደረጋል። ለኩሬው የተመረጠው ቦታ ጨፌ ኡርጌ ነው። ነገር ግን ጨፌው ውሃ ስላለበት ለቁፋሮ አልተመቸም። በመሆኑም መጀመሪያ ቦይ ተቀድዶ ውሃው ወደ ወንዝ ይለቀቃል፣ ሲደርቅ ኩሬው ይቆፈራል፣ ከዚያ ውሃ በቦቴ እየተመላለሰ ይሞላል።

ይህን ሲያብራሩ አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ አዴ ኢብሴ ነበረች። የቤቷን ክዳን የምታጭደው ከዚያ ጨፌ ነው፤ የምትቀዳውም ከጨፌው ግርጌ ካለው ምንጭ ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሀረጌ፣ ውሃ ደፍተው ውሃ ሊያመጡ ነው እንዴ?» አለችኝ። ስብሰባ ላይ ማንሾካሾክ ነውር ስለሆነ ዝም አልኳት። ጥያቄዋን ግን ሳልቀንስ ሳልጨምር ይኸው አድርሻለሁ።

፬. እኔን ስላሰባችሁኝ። ባለፈው ማክሰኞ ከኮሚቴዎ የተላከ ባለሙያ ቤቴ ድረስ መጥቶ አንድ ቅጽ ሰጠኝ። «በጨፌ ኡርጌ ጎጆ ሠርቶ የሚራባ ወፍ አለመኖሩን እኔ የአካባቢው ነባር ነዋሪ አረጋግጣለሁ» ይላል። ጥናቱ የተደረገው በየካቲት ወር በእኩለ ቀን እንደነበረ፣ አንድም ጎጆ እንዳልታየ፣ ቦታውም «ደረቅ መሬት» ተብሎ እንደተመዘገበ በትሕትና አስረዳኝ። በእኩለ ቀን እኔም ከቤት አልወጣም፤ ጎጆም በየካቲት አይሠራም። እኛ እየተነጋገርን ሳለ ከመስኮቴ ሥር፣ ራሷ ላይ የወርቅ ክር የመሰለ ዘውድ ያላት ረጅሟ ወፍ ከባሏ ጋር በሣሩ ውስጥ ትሄድ ነበር። ባለሙያው ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ስለተቀመጠ አላስቸገርኩትም። የምፈርምበትን ቦታ ብቻ አሳየኝ።

አልፈረምኩም። ምክንያቱን ልንገርዎ፤ ከዚህ በታች ያለውን በተራ ቁጥር መጻፍ አልችልም።

በ1991 ዓ.ም. ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የነበረው ጨፌ ለበቆሎ እንዲደርቅ ሲወሰን ባለቤቴ የቦይ ሥራው ተቆጣጣሪ ነበር። የእጅ ጽሑፉ አይነበብም፤ የእኔ ያምር ነበር። ሪፖርቱን እሱ እየነገረኝ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጨረሻው ላይ «በቦታው ምንም ዓይነት ወፍ አይራባም» የሚል መጣ። በዚያው ቀን ጠዋት ሣር ላጭድ ወርጄ ከዚህችው ባለ ዘውድ ወፍ ጎጆ ውስጥ ሁለት እንቁላል አይቼ ነበር። ብዕሬን አንሥቼ ነገርኩት። «ጻፊው፤ ወፍ አገር አታጣም» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኩሎ ነበር። ጻፍኩት። ጽሑፌ ሲያምር ደግሞ ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅም።

ቦዩ ከተቀደደ በኋላ ሁለቱ ወፎች በተገለበጠው አፈር ላይ አሥር ቀን ያህል ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ አይቻለሁ። በቆሎው ሦስት ዓመት አፈራ፤ ከዚያ አፈሩ እንደ ጡብ ደረቀ፤ ከሥሩ የነበረው ምንጭ ጠፋ። ምንጩ የአዴ ኢብሴ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አቀበት ወጥታ ከጨፌ ኡርጌ ትቀዳለች፤ በየጊዜውም እቤቴ ደፍ ላይ አረፍ ብላ «ያን ወረቀት የጻፈው ሰው እጁን አይመመው፤ አንድ ቀን ብቻ እንስራዬን ይሸከምልኝ» እያለች ትስቃለች። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አብሬያት ስቄያለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ቅጹ የጠየቀኝ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ነው። ያኔ የጻፍኩት ሌላ ሰው እየነገረኝ ነበር፤ ኮሚቴዎ ግን አሳትሞ ስላመጣልኝ ድካሜን ቀንሶልኛል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ጎጆው አለ። ከመስኮቴ ወደ ግራ ሰማኒያ እርምጃ ያህል ነው፤ ቅዳሜ ሦስት እንቁላል ነበረው። መነጽር ያለው አባል ቢመጣ አሳየዋለሁ፤ መነጽር የሌለውም ከመስኮቱ ፊት ለፊት እንዲቀመጥ ወንበሩን አዙሬ እጠብቀዋለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ የማያልቅ ውሎ አበልና ጥላ የበዛበት በረሃ እየተመኘሁ፣ ከቅጽዎ ላይ ያስቀረሁትን ፊርማ ከዚህ በታች በሙሉ ስሜ አኑሬዋለሁ።

ሀረገወይን ቸኮል

ግልባጭ፦
ለመናኸሪያው የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለወይዘሪት ሳያት (እንግዶች ሲጠይቁ እንድታነብላቸው)
ለአዴ ኢብሴ (በቃል)

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለአዴ ኢብሴ በኦሮምኛ አነበብኩላት፤ ከእርስዎ ቀድማ መስማት ነበረባት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና እንስራዋን አንሥታ ሄደች። ሁለት ቀን በደጄ አላለፈችም። ዛሬ ጠዋት መጥታ፣ ደፌ ላይ ሳትቀመጥ፣ «የኔ ጣት የቱ ጋ ነው የሚያርፈው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ምንጩ እስካሁን ምንም አላለችኝም። የጣት አሻራ ቀለም ስላልነበረን ከፊርማዬ ጎን የሚያዩት ጥቁር ምልክት ጭቃ ነው። ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳይፋቅ አደራ፤ ጭቃው የተወሰደው፣ ጥናታችሁ ደረቅ ነው ካለው መሬት ላይ ነው፤ ይህን ስጽፍም ገና አልደረቀም።