ገጽ አሥራ ሰባት እና የአንድ ኪሎ ነገር

ለተከበሩ የቦክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት፦

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከጉልበቴና ከጥርሴ በቀር ደህና ነኝ። «የሃምሳ አንድ ኪሎ ምድብ ታሪክ» የተሰኘውን መጽሐፍዎን የልጅ ልጄ አንብባልኝ እጅግ ተምሬያለሁ። ጥቂት ቅሬታዎች ግን አሉኝ።

አንደኛ፤ የምድቡ የመጀመሪያ ሻምፒዮን፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከመመዘኑ በፊት ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ ሚስቱን ያስይዝ እንደነበር ዘለውታል። እንዲህ ያለው ካልተጻፈ ታሪክ ለምን ይታተማል?

ሁለተኛ፤ ገጽ አሥራ ሰባት ላይ፣ የፍጻሜ ተጋጣሚዎ «በስንፍና ክብደቱን መጠበቅ ስላቃተው» ቀበቶው ያለ ግጥሚያ እንደተሰጠዎ ጽፈዋል። ሰነፉ እኔ ነኝ። ያን ዕለት እርስዎ ቀድመው ተመዘኑ፤ ከዚያ ሚዛን ያዡ አጎትዎ ሚዛኑን ሊወለውሉ ነው ተብሎ ሁላችንም ከክፍሉ ወጣን። ተመልሼ ስቆምበት አንድ ኪሎ በልጬ ተገኘሁ። ፀጉሬን ተላጨሁ፣ ሦስት ሹራብ ደርቤ ደረጃውን ወጣሁ ወረድኩ፣ ራቁቴን ቆምኩበት፤ ግማሹን እንዳራገፍኩ ሰዓቱ አለቀ። አጎትዎም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞህ ልጄ፣ የከበደው አጥንትህ ይሆናል» አሉኝ። አርባ ዓመት አጥንቴን ስጠረጥር ኖርኩ።

ሦስተኛ፤ አሮጌው ጂም ሲፈርስ ሚዛኑን ከአሮጌ ብረት ነጋዴ ገዝቼ ነበር። ባለፈው ወር ላጸዳው ብገለብጠው ከሥሩ አንድ ኪሎ የእርሳስ ብረት በቦክሰኛ የእጅ ፋሻ ተጠፍንጎ አገኘሁ። ፋሻው ላይ፣ እንዳይሰረቅብዎ ብለው እናትዎ በቀይ ክር የጠለፉት «ንቡ» የሚለው ቅጽል ስምዎ እንዳለ ነው። ማሰሩን እንጂ መፍታቱን አላሰባችሁበትም። በመሆኑም ሚዛኑ እስኪጣል ድረስ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ያ ሁሉ ቦክሰኛ ሃምሳ አንድ ለመግባት ሃምሳ እስኪሆን ተርቧል። የመጽሐፍዎ ርእስም አብሮ ይታረም።

ስለ ትጋትዎ እያመሰገንኩ፣ ለረጅም ዕድሜዎና ለማይደክም ትውስታዎ እየጸለይኩ፣ ከአክብሮት ጋር በትሕትና እጅ እነሣለሁ፤

ሰነፉ ተጋጣሚዎ

ማሳሰቢያ፦ ቅዳሜ በመጽሐፍዎ ምረቃ ላይ እገኛለሁ። ሚዛኑን የልጅ ልጄ ትሸከመዋለች፤ እሷም በዚያው ምድብ ቦክሰኛ ናት። ፋሻው የእናት እጅ ስላለበት አላጠብኩትም፤ ገጽ አሥራ ሰባትን አርመው በራስዎ አንደበት ካነበቡ ታጥፎ ይመለስልዎታል። ካላነበቡ ግን በሕዝብ ፊት እንመዘናለን፤ በዚህኛው ዙር ቀድሜ የምቆመው እኔ ነኝ፤ እርስዎም ሚዛኑ እስኪወለወል ውጭ ይጠብቃሉ።