አባትሽ ያልደረሰበት ብር

ሐምሌ 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙሉነሽ ታመነ፣ ናይሮቢ።

እግዚአብሔር ከሕመም ይሰውርሽ፤ ፓርክላንድስ ሰፈር የያዝሽውን የሱቅ ሥራ ያቅናልሽ። እኔና ወንድምሽ አድነው አለን።

አምና ዝናቡ ቀርቶ እህሉ በቡቃያው ደረቀ። ጎረቤት ሁሉ ወደ መጠለያ ሲጎርፍ አባትሽ፣ «ቤቴን ዘግቼ አልወጣም» አለ። ድርሻውንም «ጠግቤያለሁ» እያለ ለአድነው ይሰጠው ነበር። በየካቲት አረፈ። ልጄ፣ መርዶ በደብዳቤ ስላረዳሁሽ ይቅር በይኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልሽ ወይዘሮ የሺወርቅ አጠገብሽ ሳይቀመጡ እንዳይሰጡሽ ለምኛቸዋለሁ።

ከተቀበረ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በጥር የመዘገቡን የእርዳታ ሰዎች ተመልሰው መጡ። የያዙት እህል ሳይሆን ብር ነው። «ቀያችሁን ሳትለቁ ከገበያ እየገዛችሁ ብሉ» ብለው እንደየቤተሰቡ ቁጥር አደሉን። ጸሐፊው «ታመነ!» ብሎ ሲጣራ «ሞቷል» ልል ወደ ፊት ወጣሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «የውብዳር፣ ሞተ ካልሽ ድርሻው ይቀራል። ዝም ብለሽ ፈርሚለት» አለኝ። ፈረምኩ።

በእኔና በአድነው ድርሻ እስካሁን በልተናል፤ ከቤታችንም አልወጣንም። በአባትሽ ድርሻ የገብስ ዘር ገዛሁ፤ በሰው በሬ አርሰን ዘራነው። በቅሏል። ሰው «እንኳን ደስ አለሽ» ይለኛል፤ እኔ ግን ማሳውን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ለዓይንሽ ያብቃኝ። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ አልቅሰሽ ሲወጣልሽ፣ እባክሽ ልጄ፣ እህል ቅመሺ።

እናትሽ የውብዳር